ቀመሩ ካለን ፀሐይን ኮምፒውተር ውስጥ ለምን አንሠራትም?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የፀሐይ መግነጢሳዊ መስክ ውስጧ ካለው ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ) እንቅስቃሴ እንደሚመነጭ ተምረናል። ቀመሮቹም ከታወቁ ቆይተዋል። ታዲያ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ማስላት ነው እንጂ ምን ያከራክራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀመሩ ላይማ ችግር የለም። ጣጣው መጠኑ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚያስማማውን እንጨርስ። የፀሐይ ወገብ በ25 ቀን ገደማ አንዴ ይዞራል፣ ወደ ዋልታዎቿ ያለው ግን ከ30 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋው መስክ፣ ክር እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ ዙሪያዋን ይጠመጠማል፤ እየተወጠረም ይበረታል። እዚህ ላይ ብዙም ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ይህ የተጠመጠመ መስክ እንዴት ተመልሶ የሰሜን-ደቡብ መስክ ይሆናል፣ ያውም በየ11 ዓመቱ ገደማ እየተገለበጠ፣ ሲባል ነው። ዩጂን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1955 እየፈላ ወደ ላይ የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ መሽከርከር ምክንያት ስለሚጠማዘዝ መስኩንም አብሮ ያጣምመዋል አለ። ሆራስ ባብኮክ ደግሞ በ1961 ሥራውን ለፀሐይ ነጠብጣቦች፣ ፊቷ ላይ ለሚታዩት ጠቆር ያሉ ቦታዎች፣ ሰጠው፦ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ትንሽ ዘንበል ብለው ይወጣሉ፣ ሲፈራርሱ መስካቸው ወደ ዋልታ ይጓዛል፣ የነበረውንም ይገለብጠዋል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ቢያንስ በቴሌስኮፕ የሚታይ ነገር ነው።

እንግዲህ አስላው። የሚፈላው ክፍል 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፣ ትርምሱ ግን እስከ ትናንሽ ሽክርክሪቶች ድረስ ይወርዳል። ፀሐይን በትናንሽ ሳጥኖች ከፋፍለህ ነው የምታሰላው። የእያንዳንዱን ሳጥን ጎን በግማሽ ስታሳጥር የሳጥኖቹ ብዛት 8 እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜ እርምጃህም አብሮ ማጠር ስላለበት ሥራው 16 እጥፍ ይሆንብሃል። አንድ ጊዜ ማሳጠር ብቻ! በዚህ አካሄድ እውነተኛዋ ፀሐይ ጋ የሚደርስ ማሽን የለም።

ስለዚህ ትንንሾቹን ሽክርክሪቶች በግምት ይተኳቸዋል። ግምቱ ደግሞ ጉድ ይሠራል። ብዙ ሞዴሎች የፀሐይን ትክክለኛ ሙቀትና ፍጥነት ሲሰጧቸው ከወገቧ ይልቅ ዋልታዋ የሚፈጥን ፀሐይ ያወጡ ነበር፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ሆታ እና ኩሳኖ የተባሉ ጃፓናውያን በ2021 ፉጋኩ በተባለው ሱፐርኮምፒውተር ላይ 5.4 ቢሊዮን የስሌት ነጥብ ሲጠቀሙ ነው ወገቡ ቀድሞ የዞረው። መስኩ በደንብ ሲጠነክር ትርምሱን ራሱን እንደሚገራው ያኔ ታየ። ሙሉውን የ11 ዓመት ዑደት በዚህ ጥራት ማስኬድ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ቀለል ያሉት ሞዴሎች ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳሉ፣ ዑደትም ያወጣሉ፤ ውስጣቸው ያለው ቁጥር ግን በእጅ የተስተካከለ ነው። በዑደት 24 የሆነውን እይ፤ የ11 ዓመቱ ዑደቶች በተራ ቁጥር ነው የሚጠሩት። በ2006 የማውሱሚ ዲክፓቲ ቡድን ከቀደመው ዑደት ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበረታል አለ። በዓመቱ የአርናብ ራይ ቾውዱሪ ቡድን ደግሞ 35 በመቶ ያህል ይደክማል አለ። ሞዴላቸው የአንድ ቤተሰብ ነው! ዋናው ልዩነት መስኩ ውስጥ ለውስጥ ምን ያህል ቶሎ ይበተናል የሚለው ላይ ነበር። በ2014 ጫፉ ላይ ሲደርስ ዑደቱ ደካማ ሆነ፣ ቾውዱሪ ረቱ።

መሞከር ካማረህ የፓርከርን ሞዴል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጻፈው፣ አጭር ፕሮግራም ነው። የመስኩ ማዕበል ወደ ወገብ ሲሄድ ታያለህ። ከዚያ የማጣመሚያውን ቁጥር ምልክት ከፕላስ ወደ ማይነስ፣ ወይም በተቃራኒው ቀይረውና አስኪደው። ማዕበሉ ዞሮ ወደ ዋልታ ይሄድብሃል፣ ነጠብጣቦቹ ግን ዑደቱ በገፋ ቁጥር ወደ ወገብ ነው የሚጠጉት።