«እንደ ማን ልዝፈን?» ለምትሉኝ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ እስራኤል አገር ድምፅ በማሠልጠን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስቆይ፣ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ልጆች «እንደ ማን ልዝፈን?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ጥያቄው የዜማ ይመስላል እንጂ የማንነት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህም በዘፋኟና ተዋናይቷ በኤስተር ራዳ መንገድ ልመልስላችሁ።

ወላጆቿ እ.ኤ.አ. በ1984 ቤተ እስራኤላውያንን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በዘመቻ ሙሴ ከሱዳን ወደ እስራኤል የገቡ ናቸው፤ እርሷ በ1985 በኪርያት አርባ ተወልዳ በኋላ በናታንያ አደገች። በዚያ ጉዞ ብዙ ሺህ ሰው በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ሞቶ መቅረቱን ከየቤታችሁ ሰምታችኋል።

ኤስተር አስቀድማ ሙያውን ተማረች። በውትድርናዋ ዘመን በጦሩ የሙዚቃ ቡድን ዘፈነች፤ ከዚያም በትወና ሠራች። በ2013 የመጀመሪያ አጭር አልበሟን አወጣች፤ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ቆመች፤ በ2014 ደግሞ ሙሉ አልበሟ ወጣ። በእንግሊዝኛ የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል ሙዚቃ ስትዘፍን፣ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የኒና ሲሞንን ዜማ ስታነሣ፣ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በአማርኛ ስትጫወት የምሰማት ያችኑ አንዲት ሴት ነው። አይሁዳዊት፣ ጥቁር፣ የኢትዮጵያ ልጅ፣ እስራኤላዊት መሆኗ እርስ በርሱ ሲጣላ አልሰማሁም። ተዋናይ ሌላ ሰው የጻፈለትን ቃል ይናገራል፤ ዘፋኝ ግን ቋንቋውን ራሱ የመምረጥ ዕድል አለው፤ እርሷም በዚህ ዕድል በሚገባ የተጠቀመች ይመስለኛል።

ይህን የምላችሁ ከራሴ ጉዳት ተነሥቼ ነው። በወጣትነቴ ለአንድ የመድረክ ሥራ ስፈተን ስሜንና አነጋገሬን እንድለውጥ ተነገረኝ፤ ለወጥሁ፤ ሥራውንም አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት በአማርኛ ልዘፍን ስሞክር ድምፄ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ይሆንብኝ ነበር፤ እናቴም ይህን አውቃ ዝም ትለኝ ነበር።

እናንተ ከዚህ እንድትድኑ እሻለሁ። በዕብራይስጥ ያደገ አፍ «ቀ»ን ወደ «ከ»፣ «ጠ»ን ወደ «ተ» ያለሰልሳል፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሳይታረም ከቀረ የግጥሙን ትርጉም ያጠፋል፤ ስለዚህ ከዜማው በፊት ቃሉን ብቻ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በጆሯችሁ ለዩ፤ የጃዝ የድምፅ ስምምነት (ሃርመኒ) የምትጨምሩበት ከዚያ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቅኝቱ ሳታውቁት ይጠፋባችኋል። የትንፋሽ ሥራውን ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ብትማሩት ያው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጡ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ቤት ውስጥ የሚያንጎራጉሩትን አንድ ዜማ፣ ቢያንስ አንድ ስንኝ፣ ቀርጻችሁ አምጡልኝ። ያልገባችሁን ቃል ከእነርሱ ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁም አታቋርጧቸው።