አረሙ ሲነቀል አፈሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል?

አፈር የተማርኩት ሥራዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ስለምወደውም ነው። ስለ ፕሮሶፒስ (እሾሃማው መጤ ዛፍ) እና ስለ ፈረምሲሳ (ፓርቴኒየም ስለሚባለው መጤ አረም) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከድሬም ከሐረርም ጥያቄው ጎረፈ፤ የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ መልካ ጀብዱ አካባቢ ፕሮሶፒሱ ሥር ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ለስላሳም ነው። ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ያየኸው ልክ ነው። እኔም ከዛፉ ሥር አንድ እፍኝ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ሌላ እፍኝ ዘግኜ አይቻለሁ። የጥላው አፈር በጣቴ መሃል ይፈረፈራል፣ የቅጠል ስብርባሪ አለበት። የውጭው የነጣ ነው፣ ደርቆ ጓል ሆኗል። ፕሮሶፒስ እንደ ባቄላና ሽምብራ ሥሩ ላይ ባክቴሪያ ያኖራል፤ እነሱ ናይትሮጅንን፣ ማለትም ተክል የሚያድግበትን ምግብ፣ ከአየር ይይዙለታል። ቅጠሉ ሲረግፍና ሲበሰብስ ናይትሮጅኑ መሬት ይገባል። ሥሩ ደግሞ ጥልቅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ፕሮሶፒስ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ ተገኝቷል። ከታች የሳበውን ማዕድን በቅጠሉ አድርጎ ላይ ያራግፈዋል።

ጉዳቱ እዚህ ጋ ነው። የአገሩ ሣር ከድሃ አፈር ጋር ተስማምቶ የኖረ ነው። አፈሩ ሲወፍር ቀድሞ የሚፈነጥዘው ችኩል አረም ነው። በዚያ ላይ የፕሮሶፒስ ቅጠል ትሪፕቶፋን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የሌላውን ቡቃያ ያቀጭጫል። እሾሁን ደግሞ ላሟን የሚያረባ ሰው ያውቀዋል። ለምነቱ አለ፣ ግን ለማን?

ጥያቄ፦ ቆርጬ ማሽላ ብዘራበትስ?

መልስ፦ ይሆናል። ግን ከላይ ብቻ ከቆረጥከው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከመሬት በታች ቆፍረህ አውጣው። ፍየል የበላችው ፍሬ ዘሩ ሳይሞት በበጠጧ ይወጣል፣ ስለዚህ ለዓመታት አዲስ ችግኝ መልቀም አለብህ። የተጠራቀመው ናይትሮጅን ግን ለማሽላህ ይጠቅማል፣ ስለዚህ የረገፈውን ቅጠል አታቃጥለው።

ጥያቄ፦ እኔ ከሐረማያ ነኝ። ፈረምሲሳውን ነቅዬዋለሁ፤ መርዙ መሬት ውስጥ ይቀራል?

መልስ፦ ፓርቴኒን የሚባለው መርዝ ከቅጠሉና ከሥሩ ወደ አፈር ይወርዳል፣ የማሽላና የጤፍን ብቅለት ይጎዳል። ደስ የሚለው፣ ሙቀትና የአፈር ጥቃቅን ህዋሳት በቶሎ ያፈርሱታል። መርዙን ሳይሆን ዘሩን ፍራ። አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ያፈራል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 ድሬና ሐረር አካባቢ የታየው አረም ዛሬ የት እንደደረሰ እያየነው ነው።

ጥያቄ፦ ኖራ ልበትንበት?

መልስ፦ አትበትን! ኖራ ለአሲዳማ (ኮምጣጣ) አፈር ነው። የድሬ ቆላ አፈር አብዛኛው ራሱ ኖራ አለበት።

ጥያቄ፦ እማማ ነኝ፣ ከሐረር። ፈረምሲሳን ለኮምፖስት ብጠቀምበት አይከፋም?

መልስ፦ እማማ፣ አይከፋም፣ ሳያብብ ከተነቀለ። ከበቀለ በወር ገደማ ማበብ ስለሚጀምር ቀደም ይበሉ። ከእበትና ከደረቅ ሣር ጋር ይከምሩት፣ ሲሞቅ ያገላብጡት። ካበበ ግን ክምሩ ውስጥ አያስገቡት። ሲነቅሉ ጓንት ወይም ፌስታል እጅዎ ላይ ያድርጉ። የእናቴ ክንድ ላይ ያወጣው ሽፍታና እከክ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል፤ እርስዎ እንዲህ እንዲሆኑ አልፈልግም።