መነጽር ያጨለመው ስክሪን

ጥያቄ፦ የፀሐይ መነጽሬን አድርጌ ኮምፒውተር ስሠራ ራሴን ወደ ጎን ካዘነበልሁ ስክሪኑ ይጨልምብኛል፤ ቀና ስል ይመለሳል። ተበላሽቶ ይሆን? ውስጡ ያለው «ፈሳሽ ክሪስታል» የሚባለውስ ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር?

መልስ፦ አይሥጉ፣ ስክሪንዎ ደኅና ነው። እንዲያውም እኔ በቤተ ሙከራ ዘወትር የምሠራውን ሙከራ ሳያስቡት ሠርተውታል።

ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል። ፖላራይዘር የተባለው ስስ ፊልም ግን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ፖላራይዘሮች አንዱ በሌላው ላይ መስቀለኛ ሆነው ሲደረቡ ብርሃን አያልፍም። ስክሪንዎ ከፊትም ከኋላም ይህ ፊልም መስቀለኛ ሆኖ አለበት፤ መነጽርዎም ከዚሁ ዓይነት ነው። ሲያዘነብሉ መነጽሩ ከፊተኛው ፊልም ጋር መስቀለኛ ይሆናል።

በሁለቱ ፊልሞች መካከል ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ የሆነ ፈሳሽ ክሪስታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ማርቲን ሻት እና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ይፋ ባደረጉት ስልት፣ ዘንግ መሰል ሞለኪውሎቹ ከአንዱ መስታወት እስከ ሌላው 90 ዲግሪ ይጠማዘዛሉ፤ ብርሃኑንም አብረው ያዞሩትና ያሳልፉታል። ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ብርሃኑን ማዞር ያቆማሉ፣ በዚያ ቦታ ያለው የስክሪኑ ነጥብም ይጨልማል።

ፈሳሽ ነው ወይስ ጠጣር ላሉት፣ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ወደ አንድ ወገን ያቀናሉ። በ1888 ፕራግ ውስጥ ዕፀዋት አጥኚው ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር ከኮሌስትሮል የተገኘ አንድ ውህድ ሲያሞቅ በ145.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀልጦ ደፈረሰ፤ በ178.5 ደግሞ ጠራ። ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ ነገር! ቆሻሻ ገብቶበታል ብሎ ሊደፋው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለፊዚክስ ሊቁ ለኦቶ ሌማን ጽፎ ጠየቀ። ይህችን ደብዳቤ ሁልጊዜ አከብራታለሁ።

ስክሪን ለመሥራት ግን በተራ የክፍል ሙቀት የሚሠራና ቶሎ የማይበላሽ ውህድ ያስፈልግ ነበር። ያንን በ1973 ያስገኙት በእንግሊዝ አገር በኸል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬሚስቱ ጆርጅ ግሬይና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በእኔ እምነት ትልቁ ምስጋና የሚገባው ለእነርሱ ነው። ከእነዚያ ውህዶች የአንዱን ጠብታ በማይክሮስኮፕ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። በመስቀለኛ ፖላራይዘሮች መካከል በቀለም ያሸበረቀ፣ ጥቋቁር ክሮች የሚዋኙበት ነበር። ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሁሉም በቅጽበት ጠቆረ። ሲቀዘቅዝ ከጨለማው ውስጥ ድቡልቡል ነጠብጣቦች ፈልቀው እርስ በርስ ተዋሃዱ፣ ቀለሙም ተመለሰ። ሌላ ሥራዬን ትቼ እስኪመሽ ድረስ ሳሞቅና ሳቀዘቅዝ ዋልሁ።

ግንባር ላይ ተለጥፎ በቀለሙ ትኩሳትን የሚያሳየው መለኪያም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ስክሪኑ ነጭ ገጽ እያሳየ፣ ምስሉ እስኪጨልም ያዘንብሉ፤ ከዚያ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ በስክሪኑና በመነጽርዎ መካከል ያስገቡ። ያዩትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።