ጠይቁን፦ ራም ይጨመር ወይስ ዲስክ ይቀየር?

ጥያቄ፦ 3ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ አለኝ፤ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጂቢ ነው። ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ፋይል ስከፍት ድርቅ ይላል፤ ሰሞኑን ደግሞ ከውስጡ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጥገና ቤት «ፎርማት አድርገን ራም እንጨምርለት» አሉኝ። ላውጣበት ወይስ ለአዲስ ላጠራቅም? (ከደሴ)

መልስ፦ ፎርማቱም ራሙም ይቆዩ። ጠቅታው የሃርድ ዲስኩ ሳይሆን አይቀርም፤ የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን ማግኘት ሲያቅተው ወደ መነሻው እየተመለሰ ደጋግሞ ይሞክራል። ፎርማት የደከመ ዲስክ አያድስም፤ ሙሉ ፎርማት ከተደረገማ ያለዎትን ሁሉ ይደመስሳል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሥርዓት) በተጫነበት ፍላሽ ያስነሱና ፋይልዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። በዊንዶውስ ከተነሳ ራሱ ዊንዶውስ ከጀርባ እያነበበና እየጻፈ ዲስኩን ያደክመዋል። መተኪያ ከሌለው ይጀምሩ፦ ፎቶ፣ የሥራ ሰነድ። ፊልሙ የትም ይገኛል። «ቼክ ዲስክ» የሚባለውን ማስተካከያ ከመገልበጡ በፊት እንዳያስነኩት።

ድምፅ ያልጀመረ፣ ግን የሚያጠራጥር ዲስክ ያላችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉትን፣ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩ መስመሮች እዩ። የመጨረሻው ዓምድ ከዜሮ ከፍ ካለና በየሳምንቱ ከጨመረ ዲስኩ እየሄደ ነው። የማስተላለፍ ስህተት የሚቆጥረው ሲ7 (C7) ብቻ ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው፤ ገመዱን ቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፣ መጨመሩን ካቆመ በቂ ነው። በገመድ ምክንያት ስንት ደህና ዲስክ ተጥሏል!

አሁን ወደ ወጪው። 240 ወይም 256 ጂቢ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይግዙ። ነገ ኮምፒውተሩን ቢጥሉትም ዲስኩ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ የእርስዎ ማሽን የሚቀበለው ዲዲአር3 የተባለው የድሮ ራም ግን ከዚህ ማሽን ጋር ይቀራል። ራሙን 8 ጂቢ ማድረስ ደግ ነው፣ ግን ያገለገለ ይበቃል። የላፕቶፕ ራም አጭር ስለሆነ አይሆንም፤ የአዲሱ ዲዲአር4 ራምም መሃል ላይ ያለው ቁረጥ ቦታው ሌላ ነው፣ በጉልበት እንዳይጫኑት። ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ለመቀየር አያስቡ፤ ራሙንም አብሮ ያስቀይርዎታል።

ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብተው የሳታውን ሞድ፣ ማለትም ዲስኩ የሚነበብበትን ስልት፣ ኤኤችሲአይ (AHCI) ያድርጉት። ከተጫነ በኋላ ቢቀየር አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ አልነሳ ሲል የሚወጣው የስህተት ገጽ) ያመጣል። ኤስኤስዲውን ሳጥኑ ውስጥ የሚይዝ ማሰሪያ ከሌለዎት ግድ የለም፤ ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ በፕላስተር ቢለጠፍም ይሠራል።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ኢንተርኔት የሚጠቀሙበት ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ይጫኑ፤ ለጽሑፍና ለብራውዘር ይበቃዎታል። የሚሠሩበት ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ አልሄድ ካለ ብቻ ለአዲስ ያጠራቅሙ።

ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር የኮምፒውተሬ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ድረ ገጾችም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ቫይረስ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ባትሪ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 የተባለች ባትሪ አልቃለች፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምትይዘው እሷ ናት፣ ድረ ገጾቹም ያልተከፈቱት ቀኑ ስለተሳሳተ ነው። አዲሷ 3 ቮልት ናት፤ በቮልት መለኪያ ስትለካ ከ2.7 ከወረደች ትቀየር። ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያውጡ፣ መያዣዋን በጥፍር ገፋ ሲያደርጉ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ።

ባዮስ ላይ ቀኑን ሲሞሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን። የእኛን ዓመተ ምሕረት ካስገቡ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን ድረ ገጾቹ ያው ቅሬታቸውን ይቀጥላሉ። ባትሪዋ ስትሞት የባዮሱ ቅንብርም ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ መጀመሪያ የሳታውን ሞድ ይዩ።