የመጀመሪያዋን ማን ሰጣችሁ?

ልጆቼ፣

በሐኪምነት 34 ዓመት አገልግያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ ደዌ ክፍል። ሲጋራ የሚያጨስ ታካሚ ሲመጣ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚያጨስና ስንት ዓመት እንደቆየበት ጠይቀን ካርዱ ላይ እንጽፋለን። እኔ ግን ካርዱ ላይ ቦታ የሌለው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «የመጀመሪያዋን ማን ሰጠህ?» «ራሴ ገዛሁ» ያለኝን አላስታውስም። ታላቅ ወንድሜ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ አብሮኝ የዘመተ ልጅ ይሉኛል። አንዱማ አባቱ ሲጋራ ከሱቅ ለኩሶ እንዲያመጣ ይልኩት እንደነበር ነገረኝ። መንገድ ላይ እንዳትጠፋ ሁለት ጊዜ ይስባት ነበር፤ ያኔ ዕድሜው 9 ዓመት ነው።

«ከክፉ ጓደኛ ራቁ» የሚለው ምክር ጎደሎ የሚሆንብኝ ለዚህ ነው። ሰጪው ክፉ ቢሆንማ መች ትቀበሉት ነበር! የሚሰጣችሁ ዳቦውን የሚያካፍላችሁ፣ ጠብ ሲመጣ ከፊታችሁ የሚቆመው ልጅ ነው። እኛ ደግሞ የተዘረጋ እጅ መመለስ የሚያሳፍረን ሕዝብ ነን፤ ጉርሻ እንኳ እምቢ ሲባል ያስቀይማል። ሲጋራዋ የምትገባው በዚሁ በር፣ እንደ ጉርሻ ነው።

ነጋዴዎቹ ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1929፣ በፋሲካ ዕለት፣ በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ወጣት ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ እያጨሱ ታዩ። በጊዜው ሴት በአደባባይ ማጨሷ ነውር ነበር። ሲጋራው «የነፃነት ችቦ» ተባለ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። ነገሩን ያዘጋጀው ግን ለአንድ የሲጋራ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ በርኔይስ ነው። ኩባንያው «ግዙኝ» ብሎ አልጮኸም፤ ቆንጆና ደፋር የሆኑ እኩዮቻቸውን ከፊታቸው አስጓዘ እንጂ። ዛሬ በስልካችሁ ላይ አንድ ወጣት እየሳቀ በአፉ የጭስ ቀለበት ሲሠራ ስታዩ ያን ጎዳና አስቡት።

ስለ ቬፕ፣ ስለ ኤሌክትሮኒኩ ሲጋራ፣ የምትነግሩኝን እሰማለሁ፦ «ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው፤ የማንጎ ጣዕም አለው፤ ልብስ ላይ አይሸትም።» እናት አለማሽተቷ ለምን እንደ ጥቅም እንደሚቆጠር አንድ ጊዜ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሲጋራ ቢያንስ ያልቃል፤ ቁራጩ ይጣላል፣ ስንት እንዳጨሱ ይቆጠራል። ቬፕ ግን «በቃኝ» የሚያሰኝ ጫፍ የለውም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማን ስንት ጊዜ እንደሳበ የሚያውቅ የለም። አብዛኛው ቬፕ ውስጥ ያለው ደግሞ ያው ኒኮቲን ነው። በተሳበ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ የእናንተ አንጎል ገና እየተሠራ ነው፤ እስከ 25 ዓመት ገደማ አይጨርስም። በግንባታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ የገባ እንግዳ የራሱን ክፍል ያሠራል።

አገራችን ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን ሱቁን እንጂ የጓደኛችሁን ኪስ አይፈትሽም።

በጓደኛ የመጣ ነገር በጓደኛ እንደሚሄድም አይቻለሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5ቱ ቬፕ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 ወረደ። ሕግና ቁጥጥር ረድቷል። ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የሚነግረኝ ግን ሌላ ነው፦ በልጁ ትምህርት ቤት ከመጸዳጃ ቤት ቬፕ ስቦ የሚወጣ ልጅ ዛሬ የሚታዘንለት እንጂ የሚቀናበት አይደለም።

እምቢ ማለትን በተመለከተ ከልምዴ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ምክንያት አትደርድሩ። «ጉንፋን ይዞኛል» ያለ ልጅ ጉንፋኑ ሲሻለው ይሰጠዋል። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ያለው ደግሞ እስከ ማታ ሲከራከር ያመሻል። «አልፈልግም» በሉና የጀመራችሁትን ጨዋታ ቀጥሉ። ጓደኛውን መተው የለባችሁም፤ ቦታውን ለውጡ። ጫት ቤት የምታገኙትን ልጅ ኳስ ሜዳ አግኙት።

እስካሁን ለተቀባዩ ጻፍኩ። ይህ ደብዳቤ ግን በዋናነት ለሰጪው ነው፤ እኔም ሰጪ ነበርኩና።

ደሴ ነው ያደግሁት። በ1966 ዓ.ም. በ16 ዓመቴ አጨስኩ። በዓመቱ በሦስት ዓመት የምበልጠው የጎረቤታችን ልጅ፣ መጽሐፌን መሸከም ደስ የሚለው ልጅ፣ ሳጨስ ቆሞ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኜ ታየሁ። የቀረችኝን ግማሽ ሰጠሁት። ሲያስለው ሳቅሁ፤ ከጓደኞቼ እኩል የቆጠርኩት መሰለውና እሱም ሳቀ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ከድንኳኑ ውጪ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያጨሳል። አቀፈኝና ለአጠገቡ ሰው በኩራት አስተዋወቀኝ፤ «ያስጀመረኝ እኮ እሱ ነው!» አለ። ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነ፤ እሱ ግድግዳውን ይዞ፣ እኛም ቆመን ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅን። ትንፋሹ ሲመለስ ፓኮውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«እኔ እኮ ተውኩ» አልኩት።

«መቼ?»

«በ1976።»

በልቡ ቆጠረ። «አርባ ዓመት ሊሞላህ ነዋ!» አለኝና ሌላ ለኮሰ።