ማሰሮዎቹ ለደረቁባት እህቴ፦ መጀመሪያ ክዳኑን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ነፍሳት በሉ ተክልሽ ክዳን ባለው ቴራሪየም (የመስታወት የተክል ዕቃ) ውስጥ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ነፍሳት የሚይዝባቸው ማሰሮዎቹ አንድ በአንድ ደረቁ፣ የታች ቅጠሎቹም ቢጫ ሆኑ። ተራ የአበባ አፈር ላይ ነው የተከልሽው፣ የቧንቧ ውሃ ነው የምትረጪው፣ ልጅሽ ደግሞ አዝኖለት ቁራጭ ሥጋ አጉርሶታል። ከዳነ አዲስ አበባ ላለችው እህትሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አልሞተም። ጫፉ ላይ ተጠቅልላ የምትወጣዋ አዲሷ ቅጠል አረንጓዴ ናት፣ እሷን ነው የምናድነው።

እኔም እዚሁ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፤ እነዚህን ተክሎች ሳሳድግ ዓመታት አልፈዋል። ከላይ የጻፉልሽን አይቻለሁ። አንዱ ውሃ ጨምሪ ይላል፣ አንዱ ማዳበሪያ፣ አንዱ ክዳኑን በደንብ ግጠሚው። ሁሉም ለደግ ነው ያሉት፤ ግን እንደኔ የተክሉ ችግር ቴራሪየሙ ራሱ ነው። ጨለማ ጥግ ላይ ያለ የተዘጋ መስታወት ለዚህ ተክል ቤት አይሆንም።

መጀመሪያ ግን ማንነቱን እንለይ። የአንቺ ማሰሮዎች ከቅጠሉ ጫፍ በሚወጣ ቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ስለዚህ ኔፔንቴስ የሚባለው ዓይነት ነው። ከመልኩ ቬንትራታ የሚባለው ድቅል ይመስለኛል፣ በየአበባ ሱቁ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ወላጆቹ የፊሊፒንስ ናቸው፣ ጠንካራ ነው፣ ብዙ ይችላል። ይህን ለምታነቡ ሌሎች ደግሞ፦ ማሰሮው ከመሬት ቀጥ ብሎ እንደ ቱቦ የሚበቅል ከሆነ ሳራሴኒያ ነው። እሱ የአሜሪካ ረግረግ ተክል ስለሆነ ውጭ ሙሉ ፀሐይና የክረምት ብርድ ይፈልጋል፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሱ አይሆንም።

አሁን ወደ ክዳኑ። ኔፔንቴስ የአየር እርጥበት ይወዳል ሲባል እውነት ነው። ቦርኒዮና ሱማትራ ተራሮች ላይ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ ሲሸልስና ማዳጋስካር ድረስ ይገኛል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ጉም በሚጋርደው ቦታ ይኖራሉ። ግን እዚያ ነፋስ አለ። ሥሩ ያለው ልል በሆነ፣ ውሃ ወርዶ በሚያልፍበት፣ አየር በሚገባበት መሬት ላይ ነው። አንቺ ጋ ያለው እርጥበት የትም አይሄድም። መስታወቱ ላይ ያልባል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ ከታች ቀዳዳ ስለሌለ ጠጠሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ከላይ ሻጋታ ይይዛል። ቴራሪየሙን ከነክዳኑ መስኮት ላይ ብታወጪውም አይሻለውም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት መስኮቱ ተዘግቶ ሐምሌ ላይ የቆመ መኪና ይሆናል፣ ተክሉን ቀቅሎት ያርፋል።

ስለዚህ አውጪው፣ ግን ባንዴ አይደለም። ለወራት በላብ ውስጥ የኖረ ቅጠል ስስ ነው፣ በድንገት ደረቅ ቤት ውስጥ ብታወጪው በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ዛሬ ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጊው። በየሁለት በሦስት ቀኑ ክፍተቱን ጨምሪ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሆናል፣ ከዚያ ወጥቶ የራሱ ዕቃ ውስጥ ይገባል። መስታወቱን አትጣይው፤ አብረውት ያሉት ሞስና ፈርን እዚያው ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

የሚቀጥለው ነገር ብርሃን ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘናጋል። ነፍሳት ስለሚበላ ከነፍሳት የሚኖር ይመስለናል። ምግቡን የሚሠራው እንደማንኛውም ተክል በብርሃን ነው። የሚይዛቸው ነፍሳት ናይትሮጅንና የመሳሰለውን ያሟሉለታል፣ ምክንያቱም የሚበቅልበት መሬት በጣም ድሃ ነው። ማሰሮ መሥራት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል፣ ብርሃን ያነሰው ተክል መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ቅጠል ያወጣል፣ ክሩ ይረዝማል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ እብጠት ትታያለች፣ ከዚያ ትደርቅና ትቀራለች። የአንቺም ፎቶ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ጫፎች ይታያሉ። ሳሎን ጥግ ለሰው ዓይን ብሩህ ይመስላል፣ ለዚህ ተክል ግን ጨለማ ነው።

የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ካለሽ እዚያ አስቀምጪው። ከሌለሽ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ በላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ላይ ስቀይና በየቀኑ ለ12 ወይም ለ14 ሰዓታት ያህል አብሪለት። ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ብትገጥሚለት ይገላግልሻል። ቅጠሉ ትንሽ ቀላ ካለ አትደንግጪ፣ በቂ ብርሃን እያገኘ ነው። ቡናማ፣ የተቃጠለ የሚመስል ነጠብጣብ ካወጣ ግን በዝቶበታል፣ ትንሽ አርቂው።

ውሃውን በተመለከተ አቋሜ ጠበቅ ያለ ነው። የእኛ የቧንቧ ውሃ ከፖቶማክ የሚመጣ ነው፣ ለሰው ጥሩ ነው፣ ለዚህ ተክል ግን ማዕድኑ ይበዛበታል። ማዕድኑ ቀስ እያለ ሥሩ አካባቢ ይከማቻል፣ ጉዳቱም የሚታየው ቆይቶ ነው። የሟሟ ማዕድን የምትለካውን ትንሿን የቲዲኤስ መለኪያ ውሃ ውስጥ ስትነክሪ ከ50 በታች ብታነብ ደህና ነው፤ የቧንቧችን ውሃ ከ100 ያልፋል። ማፍላት አይረዳም፣ ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የተለመደው የፍሪጅ ማጣሪያም አይበቃም። ግሮሰሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ግዢ፣ ወይም ሲዘንብ ባልዲ አውጪ። ስፕሪንግ ዋተር (የምንጭ ውሃ) የሚል የተጻፈበትን አትግዢ፣ እሱ ማዕድን አለው።

አፈሩ መቀየር አለበት። የተለመደው የአበባ አፈር ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ነው፣ ውሃም ይይዛል። ረዥም ቃጫ ያለው ስፋግነም ሞስ (የረግረግ ሞስ) ከፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ጋር ቀላቅዪ፣ እኩል በእኩል ብታደርጊው ይሆናል። ከታች ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ የአበባ ዕቃ ይበቃል። ስትነቅዪው ሥሩ ጥቁርና ቀጭን ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ያኔ በሰበሰ ብለሽ እንዳትቆርጪው! የኔፔንቴስ ሥር ጤነኛ ሆኖም ጥቁር ነው። ስትነኪው ከላላና ከሸተተ ነው የበሰበሰው። ሥሩ ቶሎ ስለሚሰበር አታራግፊው፣ የሚለቀው አፈር ይልቀቅ፣ የሚቀረው ይቅር። ከዚያ በኋላ ከላይ ውሃ አፍስሺ፣ ከታች ይውረድ፣ ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፊው። ሞሱ ስትነኪው እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። እንዲደርቅም አትተዪው።

ሥጋው... ልጅሽን አትቆጪው፣ ሁሉም ልጅ ይሞክረዋል። ግን ሥጋ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ይሸታል፣ ማሰሮውንም ያበላሸዋል። የሸተተውን ማሰሮ ከክሩ ቆርጠሽ ጣይው። ሌሎቹን ደግሞ የደረቀውን ቡናማ ክፍል ብቻ ቁረጪ፣ ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ ተዪው፣ ገና እየሠራ ነው። ቅጠሉን አትንኪ። አንድ ቅጠል የሚያወጣው አንድ ማሰሮ ብቻ ነው፣ ከደረቀ በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ አይመጣም፣ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉን ይመግባል። ማሰሮ ከወራት በኋላ መድረቁ የተፈጥሮ ነው፣ የሚያሳስበው አዲስ አለመተካቱ ነው። አዲስ ሲያወጣ ልጅሽ የሞተች ዝንብ ወይም ለዓሣ ምግብ የሚሸጠውን ደረቅ ትል (ብለድወርም) ትንሽ ቆንጥሮ በወር አንዴ ይስጠው። ካልሰጠውም አይሞትም። ባዶ ማሰሮ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ አትጨምሩ፣ ፈሳሹን ራሱ ይሠራል፤ ተገልብጦ ከፈሰሰበት ብቻ የማሰሮውን ሩብ የሚያህል ዲስቲልድ ውሃ ይበቃዋል። ማዳበሪያ ለጊዜው ይቅር። (ቤት ውስጥ ያሉትን ትንኞች ይጨርስልኛል ብለሽ ከሆነ የገዛሽው፣ እንዳትጠብቂ። ለራሱ ያህል ነው የሚይዘው።)

ስለ አየር እርጥበት ብዙ አትጨነቂ። ለቬንትራታ 50 በመቶ አካባቢ ከሆነ ይበቃዋል። ችግሩ ክረምት ነው፣ ማሞቂያው ሲበራ ቤታችን ከ30 በታች ይወርዳል፤ ያኔ ትንሽ የአየር ማርጠቢያ (ሂዩሚዲፋየር) አጠገቡ አስቀምጪ። በጋውን ግን የዚህ አገር ወበቅ የሚያስመርረን ለእሱ ድግስ ነው። የሌሊቱ ሙቀት ከ55 ፋራናይት በታች መውረድ ሲያቆም ውጭ፣ የዛፍ ጥላ ስር ወይም በረንዳ ላይ ስቀይው። ነፍሳቱንም ራሱ ይይዛል። መስከረም መጨረሻ ላይ ከማስገባትሽ በፊት የቅጠሉን ሥር በደንብ እይ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ካለ ሚሊባግ የሚባለው ተባይ ነው፣ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ይጠርገዋል።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንድ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጃል፣ ቦታ ሲቀየር ደግሞ እድገቱ ለጊዜው ቀጥ ይላል። የመጀመሪያዋን ማሰሮ ከሁለት፣ ከሦስት ወር በፊት አትጠብቂ። እስከዚያ የታች ቅጠሎች አንድ ሁለት ቢረግፉም አዲሷ ቅጠል ከበፊቷ ተለቅ ካለች እየዳነ ነው። እያነሰች ከሄደች ብርሃኑን መለስ ብለሽ እይ። ግንዱ ከታች ጠቁሮ ከላላ ብቻ ነው አጣዳፊ የሚሆነው፤ ያኔ ከጤነኛው ክፍል ቆርጠሽ እርጥብ ስፋግነም ላይ ትተክያለሽ፣ ሥር ሊያወጣ ይችላል።

ስለ አዲስ አበባ። ተክሉ እዚያ መኖር ይችላል። ከተማው ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቬንትራታ ይህንን ይችለዋል፤ ክረምት የዝናብ ውሃ ሞልቷል፣ የሚያስቸግረው የበጋው ደረቅ አየር ነው። ነገር ግን በሻንጣ ከትቶ መሄድ አይሆንም። ኔፔንቴስ በሙሉ ሳይቲስ በሚባለው የብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ውል የተመዘገበ ነው፣ ሱቅ የተገዛውም ቢሆን ድንበር ሲሻገር የሳይቲስ ወረቀት ይፈልጋል፣ የተክል ጤና ምስክር ወረቀትም አለ። ለአንድ ተክል ይህን ሁሉ መንከራተት፣ እኔ ብሆን ለእህትሽ ሌላ ስጦታ እገዛላት ነበር።

ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቀን ሌላ ፎቶ ላኪልን። ከላይ የምትወጣዋን ቅጠል ከቅርብ፣ ግንዱን ደግሞ ከታች፣ በቀን ብርሃን አንሻቸው። የመብራት ፎቶ ቢጫውንና አረንጓዴውን አያስለይም።