ከተወለወለ በኋላ መስመር የሚያወጣ መስታወት

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የሳሎኑን መስኮት በየሁለት ሳምንቱ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አጥቤ በጋዜጣ አደርቀዋለሁ። ማታ ንጹህ ይመስላል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ግን መስመር መስመር ያወጣል፣ ጉም የለበሰም ይመስላል። ሳሙና ብጨምርም ያው ነው። ከውጭ በኩል ታች ላይ ደግሞ ምንም ባሻቸው የማይለቁ ነጭ ነጠብጣቦች አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግሮቹ ሁለት ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየብቻ ነው። ከመስመሩ ልጀምር፤ እሱን ያመጣው ሳሙናው ነው።

ሳሙና ቆሻሻውን ከመስታወቱ ያላቅቃል እንጂ እንደ ውሃው ተንኖ አይጠፋም። ውሃው ሲደርቅ እዚያው ይቀራል፣ በጋዜጣ ሲያሹት ደግሞ እጅዎ በሄደበት አቅጣጫ ይቀባባል። በሚቀጥለው እጥበት ሳሙና ሲጨምሩ በድሮው ላይ አዲስ እየደረቡ ነው። ለማረጋገጥ ንጹህ ጨርቅ በንጹህ ውሃ ነክረው በደንብ ይጭመቁና መዳፍ የምታህል ቦታ ጠርገው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ያች ቦታ ብቻ ጥርት ብላ ከታየች ጥፋተኛው የተጠራቀመ ሳሙና ነው።

እሱን ለማስለቀቅ አንድ ጊዜ ያለ ሳሙና ይጠቡት። በሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የቡና ስኒ ነጭ አቼቶ ይጨምሩና መስታወቱን በሙሉ በስፖንጅ ያዳርሱ፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። ብዙ ጊዜ የተደራረበ ከሆነ ሁለት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ከዚህ በኋላ ለ5 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ባልዲው ላይ አረፋ ከቆመ በዝቷል ማለት ነው። ከዚህ የሚለየው የማድ ቤት መስታወት ነው፤ የወጥ ዘይት ስለሚይዝ መጀመሪያ ሙቅ ውሃና ጠንከር ያለ ሳሙና ይፈልጋል፣ ግን በንጹህ ውሃ ሳይለቀለቅ እንዳይደርቅ።

ውሃ ከመንካትዎ በፊት አቧራውን ያራግፉ። በበጋ የአዲስ አበባ መስኮት ላይ የሚያርፈው አቧራ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋም በጨርቅ ሲታሽ መስታወቱን ሊጭር ይችላል፣ ጭረት ደግሞ በምንም አይለቅም። ደረቅ የቀለም ብሩሽ ወስደው መጀመሪያ ፍሬሙን፣ ቀጥሎ መስኮቱ የሚንሸራተትበትን ሃዲድ፣ መጨረሻ መስታወቱን ይጥረጉ። ፍሬሙን አስቀድመው ካላጠቡት ከእሱ የሚወርደው ጥቁር ውሃ ያጸዱትን መልሶ ያበላሸዋል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ፀሐይ የመታው መስታወት ላይ ውሃው ሳይጠርጉት ይደርቃል። በምሥራቅ በኩል ያለውን ከሰዓት በኋላ፣ በምዕራብ ያለውን ጠዋት ይጠቡ። መዳፍዎን ሲያስነኩት የሚሞቅ ከሆነ ይቆይ።

ማድረቂያው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጋዜጣ ብናኝ ስለማይተው ጥሩ ይሠራል፣ ግን ቀለሙ ነጭ ፍሬምና የጎማ ማሸጊያ ላይ ይቀራል፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ሳሙና ደግሞ ከቦታ ቦታ ያዘዋውረዋል እንጂ አያነሳውም። ከእሱ ይልቅ ጎማ ያለው የመስታወት መጥረጊያ ይግዙ። ለኮንዶሚኒየም መስኮት ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይመቻል፤ ከመስታወቱ የሰፋ አይሠራም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በስፖንጅ ያርሱ። ከላይኛው ጠርዝ ሥር ሁለት ጣት የምታህል መስመር በደረቅ ጨርቅ ያድርቁና ጎማውን እዚያ ደረቁ ላይ ያሳርፉ፤ እርጥብ ላይ ከጀመሩ ጎማው ዘሎ ውሃ ይተዋል። እጀታውን ትንሽ አዘንብለው፣ ውሃው ገና ወዳልተጠረገው ወገን እንዲሸሽ አድርገው፣ ሳያቋርጡ ወደ ታች ይሳቡ። ታች ሲደርሱ ጎማውን በጨርቅ ይጥረጉት፤ ይህን መዝለል ነው የቀጣዩን መስመር የሚያመጣው። ሁለተኛው አሳሳብ የመጀመሪያውን በ3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርብ። ሲጨርሱ ደረቅ ጨርቅ ጣትዎ ላይ ጠቅልለው አራቱን ጠርዝ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሂዱበት። ጨርቁ ማይክሮ ፋይበር ወይም ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ አንሶላ ቢሆን ጥሩ ነው። በልብስ ማለስለሻ የታጠበ ግን አይሁን፤ ማለስለሻው መስታወቱ ላይ ቅባት ያስቀራል።

አሁን ወደ ነጠብጣቡ። በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍርዎን የማያደናቅፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ የቀረ ማዕድን ነው፤ ከላይኛው ፎቅ የሚንጠባጠብ ውሃ በተደጋጋሚ ሲደርቅ የሚፈጠር። የሻይ ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ የቧንቧ ውሃዎም ይህንኑ ያመጣል፤ የጉድጓድ ውሃ ላይ በብዛት የሚታይ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለው ሶፍት ይንከሩበትና ነጠብጣቡ ላይ ለ15 ደቂቃ ይለጥፉት። ከዚያ አሽተው ያለቅልቁ፤ ካልለቀቀ ይድገሙት። አቼቶው ዕብነ በረድ ወይም ሲሚንቶ ላይ እንዳይፈስ ከሥር ጨርቅ ያንጥፉ፣ ሁለቱንም ይበላል። አቼቶን ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጥፍርዎን የሚያደናቅፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የግንባታ ሲሚንቶ ወይም ቀለም ነው። መስታወቱን በሳሙና ውሃ በደንብ አርሰው፣ አዲስ ምላጭ በመያዣው ላይ አድርገው፣ ከሞላ ጎደል አስተኝተው ወደ ፊት ብቻ ይግፉት። ወደ ኋላ ሲመለሱ ያንሱት፤ ምላጩ ሥር የገባ አሸዋ ወደ ኋላ ሲሳብ ይጭራል። ደረቅ መስታወት ላይ፣ ፊልም የተለጠፈበት ወይም ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ (ቴምፐርድ) መስታወት ላይ ምላጭ አይሞክሩ። ቅርፊቱ ተነስቶ ቅርጹ ፈዞ ከቀረ ሲሚንቶው መስታወቱን በልቶታል፤ ያንን ማጠብ አይመልሰውም።

ለውጩ ወገን ሲባል መስኮቱ ደፍ ላይ አይቀመጡ። የሚንሸራተተውን ክንፍ ወደ አንድ ጎን ሰብስበው፣ እግርዎ ወለሉ ላይ እንዳለ፣ እጀታው ረዥም በሆነ መጥረጊያ የሚደርሱበትን ያህል ብቻ ይሥሩ፤ የማይደርሱበትን ለባለሙያ ይተዉ። ውስጡን ወደ ታች፣ ውጩን ወደ ጎን ቢጠርጉ የቀረ መስመር በየትኛው በኩል እንዳለ በአንድ እይታ ያውቃሉ።

መስመሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ቀጭንና ቀጥ ብሎ ከወጣ ደግሞ ሳሙናውን ትተው ጎማውን ይመልከቱ፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለ። አውጥተው ይገልብጡት፣ በሌላው ወገን ይሠራል፤ ሁለቱም ጠርዝ ሲያልቅ ጎማውን ብቻ ይቀይሩ።